በአቧራ የተሸሸጉ ግዙፍ ኮከቦችና የሚያሳብቁባቸው ሞገዶች



ዛሬ የምነግራችሁ በዓይን ሊታይ ስለማይችል ልደት ነው፤ ስለ ግዙፍ ኮከቦች ልደት። ግዙፍ የምላቸው የፀሐያችንን 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚመዝኑትን ነው። ከ100 ኮከቦች መካከል አንድ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም በዚህ አዳራሽ የምንተነፍሰው ኦክስጅን በአብዛኛው የተሠራው በእነሱ ሆድ ውስጥ ነው። ሲሞቱ ፈንድተው ባይበትኑት ኖሮ ውሃም፣ አፈርም፣ እኛም ባልኖርን ነበር። ዕድሜያቸው አጭር ነው። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስትኖር፣ የእሷን 20 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ ግን 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ኖሮ ያልቃል።

ይህን የምናውቀው ካደጉ በኋላ ስላየናቸው ነው። ልደታቸው ግን ከወፍራም የጋዝና የአቧራ ደመና ጀርባ ይፈጸማል፤ አቧራው ለዓይን የሚታየውን ብርሃን አንድም ሳያስቀር ይውጠዋል። በዚያ ላይ ይፈጥናሉ። ሙሉ ልደታቸው በጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ውስጥ ያበቃል፤ ይህም በኮከብ ዕድሜ ሲታይ ኢምንት ነው። ሩቅም ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው የግዙፍ ኮከቦች መወለጃ በኦርዮን ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ሲሆን፣ እሱም 1,350 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የሚበዙት ከዚያ ብዙ እጥፍ ርቀው የሚገኙ ናቸው።

ከማየት ችግሩ በተጨማሪ የማስረዳት ችግርም ነበረ። ኮከብ የሚያድገው በስበቱ ጋዝና አቧራ ወደ ራሱ እየሳበ ነው። ትንንሾቹ ኮከቦች ሃይድሮጅን ማቃጠል የሚጀምሩት መሳቡን ካቆሙ በኋላ ነው፤ ግዙፎቹ ግን ገና እየሳቡ ይለኮሳሉ። ብርሃናቸው ከፀሐይ በአሥር ሺዎች እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ወደ እነሱ የሚወርደውን አቧራ ገፍቶ ሊመልሰው ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ስሌቶች እንዳሳዩት (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጋዙ ከየአቅጣጫው እኩል የሚገባ ከሆነ ኮከቡ አንድ ክብደት ላይ ሲደርስ እድገቱ ይቆማል። ሰማዩ ላይ ግን ከዚያ የሚበልጡ ኮከቦች አሉ። ታዲያ እንዴት አደጉ? ዛሬ ሚዛን የሚደፋው መልስ፣ ጋዙ በኮከቡ ወገብ ዙሪያ በሚሽከረከር ጠፍጣፋ ዲስክ በኩል ይገባል፤ ብርሃኑ ደግሞ በላይና በታች በኩል ያመልጣል የሚል ነው። አገባቡም ወጥ አይደለም፤ ዲስኩ ውስጥ የረጋ የጋዝ ክምር አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጊዜ ኮከቡ ላይ ይወድቃል። ይህ መልካም ግምት ነው። ግምት ሆኖ እንዳይቀር ግን ክምሩ ሲወድቅ የሚያይ ምስክር ያስፈልጋል። ያ ምስክር የራዲዮ ሞገድ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ሜዘር ይባላል።

ሜዘር ምንድን ነው? አልበርት አይንሽታይን በ1917 በጻፈው ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ነበር፦ አንድ ሞለኪውል ከፍ ባለ የኃይል ደረጃ ላይ ሳለ፣ ከዚያ ኃይል ጋር ልክ የሚመጣጠን ሞገድ ቢያልፍበት፣ ሞለኪውሉ ያንኑ የሚመስል ሌላ ሞገድ ይለቅቃል፤ በድግግሞሹም፣ በአቅጣጫውም፣ በአካሄዱም አይለይም። አንድ ዘፋኝ ሲያወጣ ተቀባዮቹ ያንኑ ቃል በዚያው ዜማ እየመለሱ ድምፁን እንደሚያበዙት፣ ሞገዱም በሞለኪውሎቹ መካከል ባለፈ ቁጥር ይበረታል። ይህ እንዲሆን ግን ዝቅ ባለው ደረጃ ላይ ካሉት ይልቅ ከፍ ባለው ላይ ያሉት ሞለኪውሎች መብዛት አለባቸው። የተለመደው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሞለኪውሎቹን ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚገፋ ነገር መኖር አለበት። ሜዘርን ለእኛ ጠቃሚ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የሚገፋው ምን እንደሆነ ካወቅን፣ ሜዘሩ የበራበት ቦታ ምን እንደሚመስል አወቅን ማለት ነው።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ታውንስ በ1954 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአሞኒያ ጋዝ የሚሠራ ሜዘር ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። በዚህ ሥራ በ1964 ከሶቪየቶቹ ከባሶቭና ከፕሮኾሮቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በዓመቱ፣ በ1965፣ በበርክሌይ ያሉ የራዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከኦርዮን አቅጣጫ በ18 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ላይ ጠንካራና እንግዳ ምልክት ያዙ። የትኛው ንጥረ ነገር እንደሚያወጣው ግራ ስለገባቸው “ሚስቴሪየም” የሚል ስም ሰጡት። ቆይቶ ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራው የሃይድሮክሲል ሞለኪውል መሆኑ ተረጋገጠ፤ እንግዳ ያደረገው ሜዘር መሆኑ ነበር። ጥቂት ቆይቶም የውሃ ተን ሜዘር በ22 ጊጋኸርዝ ተገኘ፤ ከአግኚዎቹ አንዱ ራሱ ታውንስ ነበር። አንዳንዶቹ የውሃ ሜዘሮች ድምቀታቸው ወደ ሙቀት ቢተረጎም ከትሪሊዮን ዲግሪ ይበልጣል። ጋዙ ራሱ ግን ጥቂት መቶ ዲግሪ ብቻ ነው።

ለግዙፍ ኮከቦች ጥናት ዋናው ሜዘር በ1991 መጣ። ጀርመናዊው ካርል ሜንተን በ6.7 ጊጋኸርዝ የሚያበራ ጠንካራ የሜታኖል ሜዘር እንዳለ አሳወቀ። ሜታኖል የአልኮል ዓይነት ነው፤ በጠፈር ውስጥ የሚሠራው አቧራውን በሸፈነው በረዶ ላይ ሲሆን፣ አቧራው ሲሞቅ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። የሜታኖል ሜዘሮች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የሚበራው ከኮከቡ የሚወጣ ፈጣን ጋዝ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ ነው። ሁለተኛው ወገን፣ የ6.7 ጊጋኸርዙ፣ የሚበራው ከሞቀ አቧራ በሚወጣ የታህተ ቀይ ጨረር ነው። ሁለተኛው ወገን አንድ ልዩ ባሕርይ አለው፤ እስካሁን የተገኘው ግዙፍ ኮከብ በሚወለድበት አካባቢ ብቻ ነው። ፀሐይን የሚያህሉ ኮከቦች ሲወለዱ ይህ ሜዘር አይበራም። ከአውስትራሊያ ፓርክስ ቴሌስኮፕ የተጀመረ አሰሳ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ 972 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን መዝግቧል።

ከእነዚህ ሜዘሮች ምን እንማራለን? በመጀመሪያ ርቀትን። ርቀት የማይታወቅ ኮከብ ብርሃኑም ክብደቱም አይታወቅም፤ ርቀቱን በእጥፍ ብንሳሳት ብርሃኑን በአራት እጥፍ እንሳሳታለን። ሜዘር እጅግ ትንሽና ደማቅ ነጥብ ስለሆነ በሺዎች ኪሎ ሜትር ተራርቀው የቆሙ ቴሌስኮፖች አብረው ቦታውን በከፍተኛ ትክክለኛነት ይለኩታል። በአሜሪካ ከሃዋይ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች የተዘረጉት 10 አንቴናዎች አሉ፤ በጃፓን ደግሞ ቬራ የሚባሉት 4 ጣቢያዎች። ምድር ፀሐይን ስትዞር የምናይበት ቦታ ስለሚለዋወጥ ሜዘሩም በዓመቱ ውስጥ በጥቂቱ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ የመንቀሳቀሱ መጠን ርቀቱን ይነግረናል። ደብሊው 3 ኦኤች የሚባለው የግዙፍ ኮከቦች መወለጃ በፍጥነቱ ተሰልቶ 14,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል ሲባል ኖሮ፣ በ2006 በሜታኖል ሜዘር ሲለካ 6,400 ገደማ ሆነ። ስለዚህ ብርሃኑ በአራት እጥፍና ከዚያ በላይ ተጋኖ ኖሯል ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ልኬት ወደ 200 የሚጠጉ መወለጃዎች ርቀት ታውቆ፣ የፍኖተ ሐሊብ ክንዶች ካርታ ተስሏል።

ርቀቱን ያመጣው ይኸው ልኬት እንቅስቃሴንም ያሳያል። ሜዘሩ ወደ እኛ ሲመጣ ወይም ሲሸሽ ድግግሞሹ በጥቂቱ ይዛነፋል፤ ለ6.7 ጊጋኸርዙ ሜታኖል በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የ22 ኪሎኸርዝ ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ አንዱ ነጥብ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በሦስቱም አቅጣጫ ይታወቃል። ዲስክ ሲሽከረከር፣ ጋዝ ከኮከቡ ሲወረወር የታየው በዚህ መንገድ ነው። ደብሊው 75 ኤን በሚባለው አካባቢ አንዲት ወጣት ግዙፍ ኮከብ የምትወረውረው ጋዝ በ18 ዓመት ውስጥ ከክብ ቅርጽ ወደ ሞላላ ሲለወጥ ታይቷል። ከዋክብት በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ሲለወጡ ማየት ብርቅ ነገር ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ፣ ሃርትቢስትሁክ በሚባል ሸለቆ ውስጥ 26 ሜትር ስፋት ያለው አንቴና አለ። በ1961 ናሳ የጠፈር መንኮራኩሮቹን ለመከታተል ሠራው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለደቡብ አፍሪካ ተላለፈ። በዘመኑ መለኪያ ትልቅ የሚባል ቴሌስኮፕ አይደለም። በ2008 ዋናው መሽከርከሪያ ኩስኔታው ተሰብሮ እስከ 2010 ሳይሠራ ቆሟል። ነገር ግን እዚያ ያሉ ሰዎች ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ሊያደርጉት የማይችሉትን አደረጉ፤ እነዚያኑ ሜዘሮች በየጊዜው፣ ለዓመታት ለኩ። ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ጊዜያቸው በሰዓት ስለሚከፋፈል አንድን ነገር ለዓመታት የመከታተል ዕድል የላቸውም። ሻርሚላ ጉድሃርትና ባልደረቦቿ ከ1999 ጀምሮ 54 ሜዘሮችን ሲከታተሉ አንዳንዶቹ በቋሚ ዑደት እንደሚደምቁና እንደሚደበዝዙ አገኙ። ጂ9.62 የሚባለው በየ244 ቀኑ ገደማ ይደምቃል። በሜዘር ሳይንስ ውስጥ ይህን የጠበቀ አልነበረም። መንስኤው ጥንድ ኮከቦች እርስ በርስ መዞራቸው ነው የሚሉ አሉ፤ የኮከቡ ራሱ መንፋትና መኮማተር ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ከዚያ 2015 መጣ። ኤንጂሲ 6334 አይ በሚባለው መወለጃ ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በሃርትቢስትሁክ የሚለኩ ሜዘሮች በአንድ ላይ መድመቅ ጀመሩ፤ በጠቅላላው በ10 የተለያዩ ድግግሞሾች። በቺሊ አታካማ በረሃ ያለው ታላቁ ቴሌስኮፕ አልማ ያንኑ ቦታ ሲመለከት፣ አቧራው በሚሊ ሜትር ሞገድ የሚያወጣው ጨረር በ2008 ከታየው 4 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ቀደም ሲል የሜታኖል ሜዘር ታይቶበት በማያውቅ ቦታ ላይ አዳዲስ ሜዘሮች በሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ የጃፓን ተመራማሪዎች ኤስ255 አይአር የሚባል ሌላ መወለጃ ላይ የ6.7 ጊጋኸርዙ ሜዘር መድመቁን ለዓለም አሳወቁ። የታህተ ቀይ ቴሌስኮፖች ወዲያው ዞረው ሲያዩ፣ የፀሐይን 20 እጥፍ ያህል የሚመዝን ወጣት ኮከብ በድንገት ፈክቶ አገኙት። ብዙ ጋዝ በአንድ ጊዜ ወድቆበታል። ያ ግምት፣ እድገቱ ወጥ አይደለም የተባለው፣ ምስክር አገኘ።

እነዚህ ሁለት ክስተቶች ሰዎችን አሰባሰቡ። በ2017 በጣሊያን ካልያሪ ከተደረገው የሜዘር ጉባኤ በኋላ፣ በየአህጉሩ ያሉ ጣቢያዎች ሜዘሮችን ተከፋፍለው የሚጠብቁበትና አንዱ ሲደምቅ ለሌሎች በፍጥነት የሚያሳውቁበት ኅብረት ተቋቋመ። ብዙ አልጠበቁም። በጥር 2019 በጃፓን ኢባራኪ ያለ 32 ሜትር አንቴና ጂ358.93 የሚባል፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ትኩረት ያልሰጠው ሜዘር ሲደምቅ ያዘ። ማስታወቂያው እንደወጣ ቴሌስኮፖች ከየአገሩ ዞሩ። ሜዘሩ በመጋቢት ወር ቀድሞ ከተለካው ከ100 እጥፍ በላይ ደምቆ ነበር። ከዚያ በፊት በጠፈር ታይተው የማያውቁ ብዙ የሜታኖል ሜዘር መስመሮች፣ እንዲሁም ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት የውሃ ሜዘር ተገኙ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ካርታው ነው። ተራርቀው የቆሙ ቴሌስኮፖች በየካቲት ወር ውስጥ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲለኩ፣ ሜዘሮቹ የሠሩት ቀለበት ሰፍቶ አገኙት። የመስፋቱ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ከ4 እስከ 8 በመቶ ነበር፤ በሰከንድ ከ12,000 እስከ 24,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ሊሄድ የሚችል ጋዝ እዚያ የለም። የሄደው ሙቀቱ ነው። ጋዝ በኮከቡ ላይ ሲወድቅ የወጣው ኃይል በአቧራው ውስጥ እየተዋጠ፣ እንደገና እየወጣ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ተጓዘ። በደረሰበት ሁሉ አቧራውን ሲያሞቅ የሜታኖል ሜዘር በራ፤ ካለፈ በኋላ ሲቀዘቅዝ ጠፋ። ሙቀቱ እየሰፋ ሲሄድ የዲስኩን ክፍሎች በተራ በተራ ስላበራ፣ ተመራማሪዎቹ በተከታታይ የለኩትን ገጣጥመው የዲስኩን ካርታ አወጡ፤ ዲስኩም 4 ጠመዝማዛ ክንዶች እንዳሉት በ2023 አሳተሙ። በቦይንግ 747 ላይ ተጭኖ ከደመና በላይ ይበር የነበረው ሶፍያ ቴሌስኮፕ ደግሞ ኮከቡ በእርግጥ መሞቁን በታህተ ቀይ ጨረር አረጋገጠ። ይህ ሁሉ የሆነው 22,000 የብርሃን ዓመት በሚርቅ ቦታ ነው። ሜዘሩ በወራት ውስጥ ከሰመ። ያን ጊዜ የሚጠብቅ ባይኖር ኖሮ ማንም ሳያውቀው ያልፍ ነበር።

የሜዘርን ውስንነትም መደበቅ አልፈልግም። ሜዘር የሚበራው ሙቀቱ፣ ጥግግቱና የጨረሩ መጠን ሲገጥሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜዘር አልታየም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም። ድምቀቱም የጋዙን መጠን አይነግረንም፤ ትንሽ የሁኔታ ለውጥ ትልቅ የድምቀት ለውጥ ያመጣል። በዚህ ምክንያት ሜዘርን ያጣጣሉ ብዙ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ ግን ይህ ስሱነቱ ነው ትልቁ ጥቅሙ እላለሁ። ክብደት ለመመዘን አልማ አለ። ኮከቡ ላይ ጋዝ የወደቀበትን ሳምንት የሚነግረን ግን ሜዘር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኅዳር 2015ቱንም የ2019ኙንም ክስተት በያዙት የጃፓን ቡድኖች እጅ ያሉት 32 ሜትር አንቴናዎች በያማጉቺና በኢባራኪ የሚገኙ ሲሆን፣ ሁሉም በመጀመሪያ የቴሌኮም ኩባንያ የሳተላይት ስልክ አንቴናዎች ነበሩ። የባሕር ውስጥ ፋይበር ገመድ ሲዘረጋ ሥራ ፈቱ፤ ለሳይንስ ተሰጡ። ጋና በኩንቱንሴ ያለውን የቆየ 32 ሜትር የሳተላይት አንቴና ከደቡብ አፍሪካ ጋር በመተባበር ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕነት ለወጠች፤ በ2017 ተመርቆ ሲሠራ መጀመሪያ ካያቸው ነገሮች አንዱ የሜታኖል ሜዘር ነበር። ሜዘርን ለመከታተል ቢሊዮን ብር የሚያወጣ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥሩ መቀበያ፣ ትክክለኛ ሰዓትና በየሳምንቱ ሳይሰለች የሚለካ ሰው ይበቃል።

የእኛም ሰማይ ለዚህ የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። 100 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ባለበት በጀርመን ኤፌልስበርግ ኤንጂሲ 6334 ከአድማሱ ከፍ የሚለው 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ 45 ዲግሪ ይወጣል። በሰሜን ያለው ደብሊው 3 ኦኤችም ከዚሁ ከ35 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ግን ከናካቴው ወይም በቅጡ አያየውም። ኦርዮን ደግሞ ከአናታችን ላይ ማለት ይቻላል ያልፋል። እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በሚታይ ብርሃን ስለሆነ አቧራውን አያልፉም። ስለዚህ ሱሉልታን በመሰሉ የሳተላይት ምድር ጣቢያዎች የቆየ ትልቅ አንቴና ከአገልግሎት በሚወጣበት ቀን፣ ለብረት ሻጭ ከመድረሱ በፊት የሥነ ፈለክ ተቋሞቻችን እንዲጠየቁ በዚህ መድረክ እጠይቃለሁ።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ከ5,925 እስከ 7,125 ሜጋኸርዝ ያለው የሞገድ ክልል በዓለም ዙሪያ ለዋይፋይና ለሞባይል ስልክ እየተሰጠ ነው። በ2023 በዱባይ የተካሄደው የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ከዚህ ውስጥ የላይኛውን ክፍል አፍሪካንና አውሮፓን በሚያጠቃልለው ክልል ለሞባይል አገልግሎት ለይቶታል። የሜታኖሉ ሜዘር፣ 6,668.5 ሜጋኸርዝ፣ ከመሃሉ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ ከ6,650 እስከ 6,675.2 ያለውን ክፍል አገሮች ለራዲዮ ሥነ ፈለክ በተቻለ መጠን እንዲጠብቁ ያሳስባል፤ ማሳሰብ ግን ማስገደድ አይደለም። ሰው የሠራው ማሰራጫ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ካወራ፣ ከ22,000 የብርሃን ዓመት የሚመጣው ደካማ ሞገድ አይሰማም። በዚህ አዳራሽ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሆነ ከቴሌኮም ኩባንያዎች የመጣችሁ ካላችሁ፣ የሞገድ ፈቃድ ስትሰጡና ስትጠይቁ ይህችን 25.2 ሜጋኸርዝ ቢያንስ በቴሌስኮፕ ጣቢያዎች ዙሪያ ነጻ አድርጋችሁ እንድታቆዩ አደራ እላለሁ።